ከደካን እስከ መቅደላ፦ ዊልያም ቶማስ ብላንፎርድ እና የወሎ ቅልጥ አለቶች ምደባ

የሰሜን ኢትዮጵያን ቅልጥ አለቶች የሚመለከት የሥነ ምድር ጽሑፍ ሁለት የቦታ ስሞችን ሳያነሳ ማለፍ ይከብደዋል፤ አሸንጌን እና መቅደላን። የመጀመሪያው በደቡብ ትግራይ የሚገኝ ሐይቅ፣ ሁለተኛው በደቡብ ወሎ የሚገኝ አምባ ነው። በሥነ ምድር ቋንቋ ግን ስሞቹ ቦታ ብቻ አያመለክቱም። የከፍተኛውን ምድር ወፍራም የባዛልት ክምር ታችኛና ላይኛ ክፍል ለመለየት የተሰጡ መጠሪያዎች ናቸው። ስያሜውን ያወጣው እንግሊዛዊው ዊልያም ቶማስ ብላንፎርድ ሲሆን፣ ወደ ሀገሪቱ የመጣው ከሮበርት ናፒር ሠራዊት ጋር ነው፤ የቆየውም ከአንድ ዓመት ላነሰ ጊዜ ነበር። ከአንድ የዘመቻ መንገድ ግራና ቀኝ የታየ ነገር የሰፊ አገር የአለት ምደባ መሠረት የሆነው እንዴት ነው? የምደባው ጥንካሬና ድካምስ ከየት መጣ? ይህ ጽሑፍ ጥያቄዎቹን በሰውዬው የሕይወት ታሪክ በኩል ይመለከታል። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብላንፎርድ ኦክቶበር 7 ቀን 1832 በለንደን ተወለደ። አባቱ በወርቅ ቅብ የተጌጡ የእንጨት ክፈፎችንና ቅርጻ ቅርጾችን የሚያሠራ የፋብሪካ ባለቤት ነበር፤ መኖሪያ ቤታቸውም ከፋብሪካው ጎን ነበር። ልጁ በብራይተንና በፓሪስ ከተማረ በኋላ በኢጣሊያ የወደብ ከተማ በቺቪታቬኪያ በአንድ የንግድ ቤት ሁለት ዓመት ያህል ሠራ። በ1851 ወደ አገሩ ተመልሶ የአባቱን ሥራ ያዘ። ወንድሙ ሄንሪ ፍራንሲስ ግን አዲስ በተከፈተው የለንደን የማዕድን ትምህርት ቤት ለመማር በመወሰኑ፣ ዊልያምም ንግዱን ትቶ ተከተለው። በዚያ ከዘመኑ ስመ ጥር የሥነ ምድር ሊቃውንት እግር ሥር ተምሮ በብልጫ ጨረሰ፤ ቀጥሎም በጀርመን ሳክሶኒ በፍራይበርግ የማዕድን አካዳሚ አንድ ዓመት አሳለፈ። ፍራይበርግ ለቅልጥ አለት ታሪክ እንግዳ ስም አይደለም። አብርሃም ቬርነር ባዛልት ከእሳት ሳይሆን ከውሃ የረጋ አለት ነው የሚለውን ትምህርቱን ለአርባ ዓመት ያህል ያስተማረው በዚሁ ከተማ ነው። ብላንፎርድ በደረሰበት ጊዜ ያ አስተምህሮ ተሸንፎ ነበር፤ አለትን በአልጋውና በቅደም ተከተሉ የመለየት የቬርነር ልማድ ግን በተማሪዎቹ ዘንድ አልጠፋም ነበር።

በ1855 ሁለቱ ወንድማማቾች አዲስ በተደራጀው የሕንድ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ተቀጥረው ካልካታ ገቡ። ዊልያም በዚያ መሥሪያ ቤት እስከ 1882፣ ማለትም 27 ዓመት ሠራ። የመጀመሪያው ሥራቸው በኦሪሳ ግዛት የታልቺርን የድንጋይ ከሰል አካባቢ መመርመር ነበር። በዚያም ትላልቅ ቋጥኞች በደቃቅ ጭቃ ውስጥ ተቀብረው የሚታዩበትን ንብርብር አገኙ፤ ይህንን ያመጣው በረዶ ሊሆን ይችላል ብለውም ጻፉ። በሞቃታማው ሕንድ በረዶ ነበር ማለት በዚያ ዘመን ድፍረት ነበር። ንብርብሩ ከብዙ ዓመታት በኋላ ደቡባዊ አህጉራት አንድ ሳሉ በበረዶ የተሸፈኑበትን የጥንት ዘመን ከሚያስረዱ ማስረጃዎች አንዱ ሆኗል። ሄንሪ በኋላ ወደ አየር ጠባይ ጥናት ዞሮ የሕንድ ሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ኃላፊ ሆነ።

ለወሎ ታሪክ የሚጠቅመው ግን ዊልያም ከ1860ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በምዕራብ ሕንድ የሠራው ሥራ ነው። በዚያ ሰፊ ቦታ የሸፈነና ደረጃ በደረጃ የተከመረ የባዛልት ምድር አለ፤ ደካን ትራፕ ይባላል። ትራፕ የሚለው ቃል ከስዊድንኛ የተወሰደ ሲሆን ደረጃ ማለት ነው። የገደሉ ፊት እንደ መወጣጫ እየተቆረጠ ስለሚታይ የወጣ ስም ነው። ብላንፎርድ በናርማዳና በታፕቲ ሸለቆዎች ለብዙ ወራት እየተመላለሰ ይህንን አለት አጥንቷል። አንዱ የላቫ ፍሰት የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ማወቅን የተማረው በዚያ ነው። የፍሰቱ አናት በጋዝ አረፋ የተቦረቦረ ይሆናል፤ ቀዳዳዎቹም በኋላ ዚዮላይት በሚባሉ ነጫጭ ማዕድናት ይሞላሉ። በሁለት ፍሰቶች መካከል አንዳንዴ ቀይ አፈር ይገኛል፤ የታችኛው ፍሰት ቀዝቅዞ አፈር እስኪሆን ድረስ ጊዜ እንዳለፈ ምስክር ነው። በየመካከሉም የጨው አልባ ሐይቅ ቀንድ አውጣዎችን የያዙ ስስ ንብርብሮች አሉ። ብላንፎርድ በ1867 ባሳተመው ጥናት ላቫው በባሕር ሥር ሳይሆን በየብስ ላይ እንደፈሰሰ ተከራከረ። ዕድሜውንም በዘዴ አጠረው፤ በናርማዳ ሸለቆ ከትራፑ ሥር የክሪቴሽየስ ዘመን የባሕር ቅሪተ አካላትን የያዙ አለቶች ስላሉ ትራፑ ከእነርሱ ያነሰ ዕድሜ አለው ማለት ነው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የብሪታንያ መንግሥት በመቅደላ የታሰሩ አውሮፓውያንን ለማስፈታት በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ጦር ላከ። ጦሩ የተነሳው ከቦምቤይ ነው፤ 13 ሺህ ያህል ተዋጊዎች፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የጭነት እንስሳት፣ መድፍ የሚሸከሙ ዝሆኖች ጭምር ነበሩበት። የዘመኑ ልማድ እንደነበረው ከሠራዊቱ ጋር ምሁራንም ተመደቡ፦ ክሌመንትስ ማርካም ለጂኦግራፊ፣ ከብሪታንያ ሙዚየም የመጣው ሪቻርድ ሆምስ ለጥንታዊ ቅርስ፣ ዊልያም ጄሲ ለእንስሳት፣ ብላንፎርድ ደግሞ ለሥነ ምድር። ከእርሱ በፊት በ1840ዎቹ ፈረንሳውያኑ መኮንኖች ፌሬና ጋሊኒዬ በትግራይና በሰሜን ስለ አለቶች ጽፈው ነበር። ከባሕር ጠረፍ እስከ ወሎ ድረስ ያለውን ምድር በአንድ ጉዞ ያየ የሠለጠነ የሥነ ምድር ባለሙያ ግን አልነበረም።

ሠራዊቱ ከዙላ ወደብ ተነስቶ በሰንዓፌ፣ በአዲግራት፣ በአንታሎና በአሸንጌ ሐይቅ አድርጎ ወደ ዋድላና ደላንታ ወጣ። ይህ መንገድ ለሥነ ምድር አጥኚ የተመቸ ነበር። ወደ ደቡብ በተጓዙ ቁጥር፣ ከጥቂት ቦታዎች በቀር፣ ከአሮጌ አለት ወደ አዲስ አለት ይደርሳሉ። መጀመሪያ የተጣመሙ ልውጥ አለቶች፣ በእነርሱ ላይ የአሸዋ ድንጋይ፣ በአሸዋው ድንጋይ ላይ የኖራ ድንጋይ ይገኛል። ብላንፎርድ የአሸዋውን ድንጋይ በአዲግራት፣ የኖራውን ድንጋይ በአንታሎ ስም ጠራ። ሁለቱም ስሞች ዛሬም ድረስ በሥራ ላይ ናቸው፤ አንድም ተማሪ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይን ሳያውቅ የሥነ ምድር ትምህርቱን አይጨርስም። በኖራው ድንጋይ ውስጥ የተገኙት የባሕር ቅሪተ አካላት የጁራሲክ ዘመን መሆናቸው ታወቀ። ከአንታሎ ወደ ደቡብ ግን ባሕሩ የተወው አለት እየጠፋ ሁሉም ጥቁር ይሆናል። ከዚያ በኋላ እስከ መቅደላ ድረስ የሚረገጠው ከሞላ ጎደል ቅልጥ አለት ነው።

ደካንን ያየ ዓይን ይህንን ምድር በቀላሉ ለየው። ሌላ አውሮፓዊ ተጓዥ ተራራና ገደል ብቻ በሚያይበት ቦታ ብላንፎርድ የላቫ ፍሰቶችን ቆጠረ፣ ዚዮላይት ለቀመ፣ በፍሰቶቹ መካከል ያለውን ቀይ አፈር መዘገበ። ይሁን እንጂ የጥቁሩን ክምር ሁሉ አንድ ነው ብሎ አላለፈውም፤ የሥራው ክብደትም ያለው እዚህ ላይ ነው። በአሸንጌ ሐይቅ ዙሪያ ያየው ባዛልትና ዶሌራይት በአረፋ ቀዳዳ የተሞላ፣ የበሰበሰ፣ ንብርብሮቹም ያዘነበሉ ነበሩ። ወደ ዋድላና ደላንታ ከወጣ በኋላ ያየው ደግሞ ወፍራምና አግድም የተነጠፈ ነው፤ ከጥቁሩ ላቫ ጋር እየተፈራረቀ ፈካ ያለ ቀለም ያለው ትራኪት ይገኝበታል። ካዘነበለው ታችኛ ክፍል ላይ አግድሙ ላይኛ ክፍል መተኛቱ፣ በሁለቱ መካከል መሬቱ ያዘነበለበትና የታጠበበት ረጅም ጊዜ እንዳለፈ ያመለክታል ሲል ደመደመ። ስለዚህ ትራፑን ለሁለት ከፈለው፤ ታችኛውን የአሸንጌ ቡድን፣ ላይኛውን የመቅደላ ቡድን አለው። በባሕሩ ጠረፍ ያሉትን ወጣት የእሳተ ገሞራ አለቶች ደግሞ ለብቻቸው ለይቶ በኤደን ስም ጠራቸው።

ከደላንታ ወደ መቅደላ ለመድረስ ሠራዊቱ ጥልቅ ሸለቆዎችን መሻገር ነበረበት። የጅጣና የበሽሎ ሸለቆዎች ከአምባው አፋፍ እስከ ወንዙ ድረስ 1,000 ሜትር ያህል ይወርዳሉ። ለወታደሩ መከራ የሆነው ይህ ቁልቁለት ለብላንፎርድ የተከፈተ መጽሐፍ ነበር፤ የላቫው ንብርብሮች በአንዱ ግድግዳ ላይ በታዩበት ከፍታ በማዶው ግድግዳም ይታያሉ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ገደል የምድር መናወጥ የሰነጠቀው ነው የሚል አስተያየት ገና ተከታይ ነበረው። ብላንፎርድ ግን ሸለቆዎቹ በዝናብና በወንዝ ቀስ በቀስ የተቆረጡ ናቸው ብሎ ያምን ነበር። የክረምቱን ድፍርስ በሽሎ ያየ የወሎ ሰው በዚህ ብዙም አይደነቅም።

ኤፕሪል 10 ቀን 1868 በአሮጌ ሜዳ ጦርነት ተደረገ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ እንግሊዞች መቅደላ ሲገቡ አፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ከመስጠት ሞትን መርጠው በገዛ ሽጉጣቸው አረፉ። አምባው ተቃጠለ። ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንና ከንጉሡ ግምጃ ቤት የተዘረፉት መጻሕፍት፣ አክሊሎችና ጽዋዎች በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭነው በደላንታ ሜዳ ለጨረታ ቀረቡ። ሆምስ ለሙዚየሙ በመቶዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍትን የገዛው በዚያ ነው። የብላንፎርድ ናሙናዎችም በዚሁ ዘመቻ የጭነት እንስሳት ጀርባ ከአገር ወጥተዋል። ድንጋይና የብራና መጽሐፍ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም፤ የተራራውን ድንጋይ የወሰደ ሰው ተራራውን አላጎደለም። ሆኖም የመቅደላ ቡድን የሚለው ስም የተወለደው በዚያ ሳምንት በመሆኑ፣ ስሙ በወሎ ተማሪ ዘንድ ከአለት ያለፈ ትርጉም ቢኖረው አያስገርምም።

የጉዞው ሁኔታ በሥራው ላይ ገደብ ጥሏል። ብላንፎርድ መንገዱን አልመረጠም፤ የት እንደሚያድር፣ መቼ እንደሚነሳም የሚወስነው የጦሩ አዛዥ ነበር። ከመንገዱ ርቆ መሄድ አደገኛ ነበር። በመቅደላ ዙሪያ የነበረው ጊዜ የጥቂት ቀናት ብቻ ሲሆን፣ ሠራዊቱ ክረምቱ ሳይገባ ወደ ባሕር ለመመለስ ይቸኩል ነበር። ስለዚህ የጻፈው የአንድ መስመር ሥነ ምድር ነው። ከመስመሩ በስተ ምሥራቅ ያለውን፣ ዛሬ ደሴና ኮምቦልቻ የሚገኙበትን ምድር አልረገጠም፤ ደሴም በዚያ ዘመን እንደ ከተማ ገና አልተቆረቆረችም።

ሠራዊቱ ሲመለስ ብላንፎርድ ወዲያው ወደ ሕንድ አልሄደም። ከጄሲ ጋር ሆኖ በዛሬዋ ሰሜን ኤርትራ በቦጎስና በአንሰባ አካባቢ እንስሳትን ሲሰበስብ ቆየ። በ1869 የለንደን የሥነ ምድር ማኅበር መጽሔት ላይ አጭር ጽሑፍ አወጣ፤ በ1870 ደግሞ ስለ አቢሲኒያ ሥነ ምድርና እንስሳት የሚተርከው መጽሐፉ በለንደን ታተመ። መጽሐፉን የሚያነብ የአለት ተመራማሪ አንድ ነገር ይታዘባል፤ ሰፊው ክፍል የአለት ሳይሆን የወፍ፣ የአጥቢና የተሳቢ እንስሳት ነው። ብላንፎርድ ሁለቱን ሙያዎች ለያይቶ አያያቸውም ነበር። ከቆላ እስከ ደጋ ያለው ከፍታ የእንስሳቱን ዓይነት እንዴት እንደሚለውጥ የተከታተለው አለቱን በተከታተለበት ጥንቃቄ ነው።

ስለ ቅልጥ አለቶቹ የጻፈው ሲመዘን የዘመኑ መሣሪያ ምን ያህል እንደነበረ መዘንጋት የለበትም። አለትን በስሱ ፍቆ በማይክሮስኮፕ ማየት የተጀመረው በቅርቡ ነበር፤ ሄንሪ ሶርቢ በእንግሊዝ ስለዚህ ዘዴ ሰፊ ጽሑፍ ያወጣው በ1858 ነው። በዘመቻ ላይ ያለ ሰው መዶሻ፣ የእጅ ማጉያ መነጽርና ማስታወሻ ደብተር ብቻ አለው። ስለዚህ የብላንፎርድ ትራኪት ሰፊ ስም ነው፤ ዛሬ ራዮላይት ወይም ኢግኒምብራይት የሚባሉትን አለቶች ሊያካትት ይችላል። ኢግኒምብራይት፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ የወጣ የጋለ አመድና ጋዝ ምድርን እየጠረገ ሄዶ ሲረጋ የሚሠራው አለት፣ ራሱን የቻለ ስም ያገኘው በ1930ዎቹ በኒውዚላንድ ነው። በመሆኑም ብላንፎርድ ፈካ ያለውን አለት እንደ ዝልግልግ ላቫ ማየቱ የሚጠበቅ ነው። ፈካ ያለው አለት የሚበዛው በላይኛው ክፍል መሆኑን ማስተዋሉ ግን ዛሬም አልተሻረም።

ከዚህ የከበደው ችግር የዕድሜ ነበር። ደካን ላይ የረዳው ቅሪተ አካል እዚህ በግማሽ ብቻ ረዳው። ከሥር ያለው የአንታሎ የኖራ ድንጋይ ትራፑ ከጁራሲክ ዘመን ወዲህ መሆኑን ይናገራል። ከላይ የተኛበት የባሕር አለት ግን የለም። ታች ወለል ያለው፣ ላይ ጣሪያ የሌለው ቤት እንደማለት ነው። የሁለቱ አገሮች ትራፖች መልክ መመሳሰል አንባቢን ወደ አንድ ዘመን የሚገፋ ቢሆንም፣ መልክ ዕድሜን አያረጋግጥም። ዛሬ በሚታወቀው ልኬት የደካን ባዛልት 66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ የኢትዮጵያው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በአፈሳሰስ ወንድማማቾች ናቸው፤ በዕድሜ ግን አንዱ የሌላውን እጥፍ ይበልጣል።

ከኢትዮጵያ በኋላ የብላንፎርድ ሕይወት ረጅምና በሥራ የተሞላ ነው። ከ1872 ጀምሮ የፋርስን ድንበር ከሚለካው ቡድን ጋር ተጉዞ የምሥራቅ ፋርስን ሥነ ምድርና እንስሳት ጻፈ። በ1874 የለንደን ንጉሣዊ ማኅበር አባል ሆነ። በ1879 ከሄንሪ ሜድሊኮት ጋር ያዘጋጀው የሕንድ ሥነ ምድር መማሪያ በሁለት ቅጽ ወጣ። ብላንፎርድ የዩኒቨርሲቲ ወንበር ይዞ አላስተማረም። ይህ መጽሐፍ ግን ለብዙ የሕንድ ሥነ ምድር ባለሙያዎች መምህር ሆኖ አገልግሏል፤ የደካን ትራፕ ምዕራፍም የመስክ ልምዱ ሁሉ የተጠራቀመበት ነው። በ1882 ጡረታ ወጥቶ ለንደን ተቀመጠ፣ በቀጣዩ ዓመት አገባ፤ በዚያው ዓመት የሥነ ምድር ማኅበር ከፍተኛ ሽልማት የሆነውን የወላስተን ሜዳልያ ተቀበለ። ከ1888 እስከ 1890 የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ነበር፤ በፕሬዚዳንትነቱ የውቅያኖስ ወለሎች ከጥንት ጀምሮ ባሉበት የኖሩ ናቸው የሚለውን አስተሳሰብ መርምሮ፣ ሕንድንና አፍሪካን ያገናኘ የብስ እንደነበረ ተከራክሯል። አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ የሚለው ሐሳብ ከመምጣቱ በፊት የተሰነዘረ መከራከሪያ ነው። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ለሕንድ እንስሳት ተከታታይ መጻሕፍት ዝግጅት ሰጥቶ ጁን 23 ቀን 1905 በለንደን አረፈ። በቀይ ባሕር ዙሪያና በአፍሪካ ቀንድ የምትኖር አንዲት ትንሽ የመስክ ወፍ በ1902 በስሙ ተሰይማለች።

ስሞቹ ከሰጪያቸው በላይ ኖሩ። የፍሎረንሱ ፕሮፌሰር ጆቶ ዳይኔሊ በ1943 ባወጣው የምሥራቅ አፍሪካ ሥነ ምድር ከዚያ በፊት የተጻፈውን ሁሉ ሰበሰበ። በ1962 ፖል ሞር በአዲስ አበባ ባሳተመው የኢትዮጵያ ሥነ ምድር መጽሐፍ አሸንጌና መቅደላ የሚሉት ቡድኖች የመማሪያ ቋንቋ ሆኑ፤ ሞር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ በመሆኑ ስሞቹ ከመጽሐፍ ወደ መማሪያ ክፍል ተሻገሩ። ቀጥሎ የመጡት የኢጣሊያ ተመራማሪዎች፣ በተለይ ብሩኖ ዛኔቲን እና ባልደረቦቹ፣ በ1970ዎቹ የላይኛውን ክፍል ወደ አይባ፣ አላጄና ጣርማ በር ሲከፍሉት አሸንጌን ከሥር እንዳለ አቆዩት። ብላንፎርድ ያየው መቋረጥ ስለዚህ አንድ መቶ ዓመት አልፎትም ቆሞ ነበር።

ጥያቄው የተነሳው ዕድሜ በላቦራቶሪ መለካት ሲጀምር ነው። በ1997 ኔቸር መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ከጎንደር ሊማሊሞና ከወሎ ወገል ጤና ገደሎች ከታች እስከ ላይ ናሙና ወስደው በአርጎን ዘዴ ለኩ። ወገል ጤና የደላንታ ከተማ ናት፤ የናፒር ሠራዊት ወደ በሽሎ ከመውረዱ በፊት የሰፈረውም በደላንታ ሜዳ ነበር። ውጤቱ የክምሩ አብዛኛው ክፍል ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ አንድ ሚሊዮን ዓመት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ እንደፈሰሰ አመለከተ። ይህ እውነት ከሆነ በታችኛውና በላይኛው ክፍል መካከል ተራራ የሚያዘነብልና የሚታጠብ ረጅም ዘመን ለማስገባት ቦታው ጠባብ ነው።

ታዲያ ብላንፎርድ በአሸንጌ ያየው ማዘንበል ምን ነበር? መልሱ በከፊል ከሐይቁ አቀማመጥ ይገኛል። አሸንጌ ያለው በከፍተኛው ምድር ምሥራቃዊ ዳር፣ ወደ አፋር ዝቅተኛ ቦታ የሚወርደው ገደል አጠገብ ነው። በዚህ ዳር ላይ ስምጥ ሸለቆው ሲከፈት መሬቱ በስንጥቅ እየተቆረጠ፣ ቁራጮቹም እንደ ተገፋ መጽሐፍ ጎን ለጎን አዘንብለዋል። ስለዚህ በዳር ያለ ወጣት አለትም ያዘነበለ ሊሆን ይችላል፤ በመካከለኛው አምባ ላይ ያለ አሮጌ አለትም አግድም ሊሆን ይችላል። የብላንፎርድ መንገድ ከዳር ጀምሮ ወደ መካከል የገባ በመሆኑ የቦታ ልዩነት የጊዜ ልዩነት መስሎ ታይቷል ብሎ መገመት ያስኬዳል። በአንድ መስመር የተጓዘ ሰው ከዚህ ወጥመድ የሚያመልጥበት መንገድ አልነበረውም። ከእርሱ በኋላ በብዙ መስመር የተጓዙት ስሙን ከነትርጉሙ መያዛቸው ግን የበለጠ ጥያቄ ያስነሳል።

ጉዳዩ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሩቅ አይደለም። የቦርከና ሸለቆ እንደ አሸንጌ ሁሉ በዚያው የአፋር ዳር ላይ ካሉት ስምጥ ቦታዎች አንዱ ነው። ከቧንቧ ውሃ አካባቢ ቀና ሲባል የሚታየው ጦሳ፣ በማዶ ያለው የአዝዋ ገደል፣ በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ቁልቁለት ሁሉም በስንጥቅ የተቆራረጠ የቅልጥ አለት ምድር ነው። በዚህ ምድር ላይ የበሰበሰና ያዘነበለ ባዛልት ሲገኝ አሸንጌ ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ትኩስና አግድም ሲሆን ደግሞ ወደ ላይኛው ቡድን መመደብ። መበስበስ ግን የውሃና የጊዜ፣ ማዘንበል ደግሞ የስንጥቅ ሥራ ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለቱም ብቻቸውን የዕድሜ ምልክት አይደሉም። ልዩነቱ የስም ጨዋታ አይደለም። ደሴ በመሬት መንሸራተት የምትቸገር ከተማ ናት፤ ቁልቁለቱ ላይ ቤትና መንገድ የሚሠራ መሐንዲስ ማወቅ የሚፈልገው ከእግሩ በታች ያለው ንብርብር ወደየት እንዳዘነበለ፣ ስንጥቁ ከየት እንደሚመጣ፣ ውሃው በየትኛው የበሰበሰ ፍሰት ላይ እንደሚንሸራሸር ነው። አሸንጌ የሚለው ቃል በካርታው ላይ ሲጻፍ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የተሰጠ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን አልተሰጠም።

በብላንፎርድ ላይኛ ቡድን ውስጥ ደግሞ እርሱ ለመለየት ጊዜ ያላገኘባቸው ዝርዝሮች እየተገለጡ ነው። በወገል ጤና ገደል ላይ ከባዛልቱ በላይ ወፍራም የራዮላይት ኢግኒምብራይት ይገኛል፤ አመዱን የተፋው እሳተ ገሞራ መጠን በዓለም ከሚታወቁት ታላላቆች ጋር የሚነጻጸር ሆኗል። በቀይ ባሕር ማዶ በየመን ያሉ ተመሳሳይ ንብርብሮችም ቀይ ባሕር ሳይከፈት የአንድ ምድር ክፍል እንደነበሩ በዕድሜ ልኬት ተመሳክሯል። በ2008 በዚያው በደላንታ ገደል ላይ ኅብረ ቀለማማ ኦፓል ተገኘ። ኦፓሉ የሚገኘው በገደሉ ሁሉ ሳይሆን በአንድ ስስ የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር ውስጥ ነው። ቆፋሪዎቹ ይህንን ንብርብር በወፍራሞቹ አለቶች መካከል ለይተው፣ በገደሉ ፊት ላይ አግድም እየተከተሉ ወደ ውስጥ ጠባብ ዋሻ ይቆፍራሉ።